የትርሲት መርዶ

የትርሲትን ማረፍ የሰማሁት በዋዜማው ስለነበር ቀብሯ ላይ ደረስኩ። የሕይወት ታሪኳን ያነበበው አንድ የቤተሰቡ ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ድምፁም ያምራል። የተወለደችበትን፣ የተማረችበትን፣ የሠራችበትን ሁሉ በቅጡ ካነበበ በኋላ መጨረሻ ላይ፣ «ትሑት፣ ሰው አክባሪና ለበደሏት ሁሉ ይቅር ባይ ነበረች» አለ። አጠገቤ የቆመች ሴት «እውነት ነው» እያለች ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግን በገዛ ወዳጄ ቀብር ላይ ቆሜ ተናደድኩ።

ሰው አክባሪ፣ ይሁን። ትሑት ግን አልነበረችም። ይቅር ባይነትማ በደጇም አላለፈ። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ ከምወድላት ነገር አንዱ እሱ ስለሆነ ነው። አሁን አሁን ሰው ሲሞት ጥርሱን አውልቆ መቅበር የተለመደ ሆኗል። ትርሲት ከነጥርሷ እንድትታወስ ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

በሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ ፒያሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመሣሪያ ጥገና ክፍል አብረን እንሠራ ነበር። ቤቱ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ያለ፣ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ጣሪያው እንደ ወንፊት የሚያፈስ የድሮ ቤት ነው። የጽሕፈት መኪና፣ የሒሳብ ማሽን፣ ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ብቻ የተበላሸ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። የእኔና የትርሲት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ነበር። እኔ የጽሕፈት መኪና እፈታለሁ፣ እሷ ኤሌክትሪክ የነካውን ሁሉ። አምስት ኪሎ ምሕንድስና ስትማር ያቋረጠች ናት፤ ለምን እንዳቋረጠች እመለስበታለሁ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን አጭር የምትቆረጥ ሴት ነበረች። የነጭ ጋዎኗ ኪስ በመበየጃ ተቃጥሎ ተቀዷል፤ እሷ ግን እስክሪብቶዋን እዚያው ኪስ ውስጥ ትከትና በወደቀባት ቁጥር እኔን ትቆጣለች። የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላት እንደ ሌሎቻችን ካቻቢቴ ለማንሣት አትቸኩልም። ቀለበቷን አውልቃ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታኖርና ዕቃውን ያመጣውን ሰው ታናግራለች። መቼ ነው የቆመው? ከመቆሙ በፊት ማን ነካው? ምን አደረጋችሁት? «ዕቃ ብቻውን አይበላሽም» ትል ነበር፤ «አንድ ሰው አንድ ነገር አድርጎታል። እሱን ሰው ፈልጉልኝ።» ባለዕቃው መርማሪ ፊት የቀረበ ይመስል ይንተባተባል። በዚያ ዘመን ጥያቄ የሚወድ ሰው አልነበረም።

ምላሷም የአራዳ ልጅ ምላስ ነው። አንድ ጸሐፊ ሬዲዮ ይዞ መጥቶ፣ «ይኼ ነገር ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል» ቢላት፣ «የመንግሥት ሠራተኛ ነዋ» ብላ ተቀበለችው።

ቂሟን ደግሞ እንደ ወርቅ ነበር የምታስቀምጠው። አንድ ጊዜ አትክልት ተራ ላይ አንድ ነጋዴ ከላይ ደህና፣ ከሥር የበሰበሰ ቲማቲም አስይዞ ሸኛት። ተመልሳ አልተጨቃጨቀችም። ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፈች ቁጥር፣ ሰውዬው ደንበኛ ይዞ ካየችው ጠጋ ትልና አንድ ቲማቲም አንሥታ ታሸታለች፤ ቀስ ብላ ትመልሳለች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ትሄዳለች። ደንበኛውም ብዙ ጊዜ ተከትሏት ይሄዳል። ይህን ለዓመታት አደረገችው። «እስከ መቼ ነው?» ብላት፣ «ዕድሜ ይስጠው» አለችኝ።

የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ደምሴ ይባል ነበር። ካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ እንግዳ ማስጎብኘት የሚወድ ሰው ነው። ከትርሲት ጋር የአንድ መንገድ ልጆች ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈር ነው ያደጉት። የታላቅ ወንድሟ የመስፍን የልጅነት ጓደኛ ነበር፤ እናቷ እትዬ ብርቄ ቤት ከመስፍን ጋር ከአንድ ትሪ እየበላ ነው ያደገው። ቀይ ሽብር ሲመጣ ደምሴ የቀበሌ ሰው ሆነ። መስፍንን ከቤቱ የወሰዱት ሰዎች ሰፈሩን አያውቁትም ነበር። ቀድሞ እየሄደ የግቢውን በር ያሳያቸው ደምሴ እንደሆነ መንገዱ ሁሉ በመጋረጃ ቀዳዳ አይቷል። ከቤቱ ልጆች ግን ያን ምሽት ማንም አላየም፤ እትዬ ብርቄም ለጸሎት ወጥተው ነበር፤ ለእሳቸውም ደፍሮ የነገራቸው ጎረቤት የለም። ትርሲት የሰማችው ከርማ ነው፣ ሰምታም ለእናቷ አልነገረችም። ከዚያ በኋላ መስፍን ይሙት ይኑር የሚናገር ጠፋ። ትርሲት ትምህርቷን የተወችው ያኔ ነው።

እትዬ ብርቄ ልጃቸውን አላለቀሱም። ሞቷል ያላቸው ሰው የለም፤ እንዴት ያልቅሱ? ፍትሐት ይደረግለት ቢሉ ቄሱ ሞቱ ላልተነገረ ሰው እንዴት ብለው ይፍቱ? ደግሞም እንደ እሱ ላሉት ድንኳን መጣል ክልክል ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በልቡ ለቅሶውን ከጨረሰ በኋላ እሳቸው ብቻ ባለአበባ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ይጠብቁ ነበር። ትርሲት ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከደምሴ አፍ «ሞቷል» የሚለውን ቃል፣ ከነቀኑ፣ ከነቦታው። እናቷ ተቀምጠው እንዲያለቅሱ።

አንድ ቀን ፒያሳ ባንኮኒ ላይ ቆመን ማኪያቶ ስንጠጣ፣ «እንዴት ከእሱ ሥር ትሠሪያለሽ? ዝውውር አትጠይቂም?» አልኳት።

«እኔ ከተዛወርኩ ማን ይጠብቀዋል?» አለችኝ።

ነገሩን ሁሉ የቀየረችው ማሽን የመጣችው ከወዳጅ ሀገር በመጡ አንድ ባለሙያ እጅ ነው። ለጥቂት ሳምንታት አስተምረውን ሲሄዱ ለመለማመጃ ትተዋት ሄዱ። ኮምፒውተር ናት አሉን። እኛ ኮምፒውተር ሲባል ክፍል የሚሞላ ነገር ይመስለን ነበር፤ ይቺ ግን ከትሪ የማትበልጥ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። ሽፋን የላት፣ ቴሌቪዥን የላት፤ ሁለመናዋ እዚያች ሰሌዳ ላይ እንደተሰካ ይታያል። በአንድ በኩል የቁጥር ቁልፎች አሏት፣ ከላይ ቀይ ቁጥር የሚበራባቸው ትንንሽ መስኮቶች። ሲያበሯት ቀይ ሰረዝ ትደረድራለች፤ ተነሥቻለሁ ማለቷ ነው። ከዚያ የታዘዘችውን ትደምራለች፣ ትቆጥራለች። ከትርሲት በስተቀር ደፍሮ የሚያዛት አልነበረም።

ደምሴ ግን ማሽኗን የወለዳት ያህል ይኮራባት ነበር። መስከረም ሁለት፣ ለአብዮቱ በዓል፣ እንግዶች መጡ። ትርሲት ያን ወር ሙሉ በሥራ ክፍለ ሀገር ነበረች። ማሽኗ ላይ ከተሰኩት አይሲዎች አንዷ፣ ብዙ እግር ያላት ጥቁር ዕቃ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ወረቀት ተለጥፎባት ነበር። ደምሴ ማሽኗን ለእንግዶቹ ሲያሰናዳ፣ «ይኼ ልጥፍ መልኳን አበላሽቶታል» አለና በጥፍሩ ላጠው። ከሥሩ ክብ ብርጭቆ ወጣች፤ በብርጭቆዋ ውስጥ ወርቅ የመሰለ ነገር ያብለጨልጫል። ደስታው ለጉድ ነበር። እንግዶቹን አንድ በአንድ እየጠራ፣ «አንጎሏ ይኸውላችሁ፣ በዓይን ይታያል» እያለ ሲያስጎነብሳቸው ዋለ።

ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ማስጣት ተጀመረ። ቤቱ ስለሚያፈስ ክረምቱን ሙሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸተን ነበር። መስከረም ሲጠባ ሰው ፍራሹንና ብርድ ልብሱን አውጥቶ እንደሚያሰጣ፣ እኛም የመሥሪያ ቤቱን ንብረት በረንዳ ላይ እናሰጣለን። የጽሕፈት መኪናው፣ ስልኩ፣ ሬዲዮው፣ የፋይሉ ክምር ሁሉ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ጎድቶን አያውቅም፤ እንዲያውም ብዙ ሬዲዮ በፀሐይ ብቻ ድኗል። ደምሴ ማሽኗም ትውጣ፣ ብርድ እንዳይገባት አለ። ከነብርጭቆዋ ወጣች። በየቀኑ ወጣች።

ትርሲት ስትመለስ ማሽኗ ሞታ ጠበቀቻት። ማብሪያው ሲጫን ቀይ ሰረዝ የለም፣ ምንም የለም። ደምሴ ደግሞ በሚመጣው ሐሙስ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥተው እንዲያዩዋት ቃል ገብቷል። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ይኼ ብልሽት አይደለም። ይኼ አሻጥር ነው» አለ። አሻጥር በዚያ ዘመን ሰው የሚበላ ቃል ነበር። ከዚያ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ጠየቀ። ቁልፉ በጋሽ ከድር እጅ ነው። ጋሽ ከድር ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ፒያሳ ላይ ያረጁ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ማንም የእትዬ ብርቄን ደጅ በማይረግጥበት ጊዜ ይጠይቋቸው የነበሩት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ ደምሴ ያውቃል። «እስከ ሐሙስ ካልተነሣች ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል» ሲል ያየው ጋሽ ከድርን አልነበረም፤ ትርሲትን ነው። ሰውዬውን መያዣ አደረገባት።

ትርሲት ቀለበቷን አውልቃ ጥጓ ላይ አኖረችና ጋሽ ከድርን ጠራቻቸው።

«ጋሽ ከድር፣ መጨረሻ የሠራችው መቼ ነው?»

«መስከረም ሁለት፣ ለእንግዶቹ። ከዚያ ወዲህ ያበራት የለም፣ ወላሂ። ትወጣለች፣ ትገባለች እንጂ።»

«የት ነው የምትወጣው?»

«በረንዳ ነዋ። ከጽሕፈት መኪናው ጋር ስትሰጣ ነው የከረመችው።»

በቴስተር ኤሌክትሪኩን ለካች፤ ልክ ነው። በጣቷ ጀርባ አይሲዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ከመጠን በላይ የሞቀ የለም። ከዚያ ትንሿን ትራንዚስተር ሬዲዮ ከመሳቢያዋ አውጥታ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አድርጋ፣ ከሰሌዳው አጠገብ አስጠጋቻት። ሬዲዮዋ ጮኸች። ትርሲት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«ልቧ ይመታል» አለችኝ። «ደህና ሆና ስትነሣ ሬዲዮ ውስጥ ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ታጉረመርማለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ታጉረመርማለች። አሁን አንድ ወጥ ጩኸት ብቻ ነው። ነቅታለች፤ ምን እንደምትሠራ የሚነግራት ነው ያጣችው።»

ማጉያ መነጽሯን አንሥታ ሰሌዳው ላይ አጎነበሰች። ወዲያው ቀና አለች። «ወረቀቷን ማን ላጣት?»

ጋሽ ከድር ወደ ኃላፊው ቢሮ በር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጓድ ናቸው» አሉ።

ለእኔ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ማሽኗ ስትነሣ መጀመሪያ የምታነበው ትእዛዝ ያለው በዚያች አይሲ ውስጥ ነው። የተጻፈባት የሚጠፋው በብርሃን ነው፤ ሌላ ነገር ሊጽፉባት ሲፈልጉ በብርጭቆዋ በኩል ልዩ መብራት ያበሩባታል። ጥቁሩ ወረቀት የተለጠፈው ፀሐይ እንዳያያት ነበር። «በገዛ ጥፍሩ» አለችና ሳቀች። በዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቋ ደስ አላለኝም፤ ጋሽ ከድርንም ደስ አላላቸውም።

በማግሥቱ ደምሴን አስፈቅዳ አይሲዋን ነቅላ ወደ አምስት ኪሎ ይዛ ሄደች። አብሯት ይማር የነበረ ሰው እዚያ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ ነበረው። አስነበበችው፤ ባዶ ናት። ትእዛዙ በሙሉ ከማሽኗ ጋር በመጣው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ታትሟል፤ ተጋግዘው እንደገና ጻፉባት፣ አመሳከሩ፣ አለቀ። ተመልሳ መጥታ ማሽኗ ላይ ሰካቻት ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሰካቻትም። በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ።

«መሳቢያህ ውስጥ አኑርልኝ» አለች። «የት እንዳለች ካንተና ከእኔ በቀር አይታወቅም።»

ሰኞ ጠዋት፣ «ና፣ ምስክር ትሆነኛለህ» ብላ ወደ ደምሴ ቢሮ ይዛኝ ገባች።

«ጓድ ደምሴ፣ ብልሽቷን አግኝቼዋለሁ» አለችው።

«ጎበዝ። ትነሣለች?»

«ትነሣለች። ማን እንዳበላሻትም አውቄአለሁ።»

«እኔስ ምን አልኩ? ከድር ነው።»

«ወረቀቱን የላጡት እርስዎ ነዎት። በረንዳ ትውጣ ያሉትም እርስዎ ነዎት። ውስጧ የነበረውን ሁሉ ፀሐይ በልቶታል፤ አምስት ኪሎ አስነብቤአታለሁ። ሐሙስ እንግዳው ምን ሆና ነው ካሉኝ ይኼንኑ እነግራቸዋለሁ። አንጎሏ ይኸውላችሁ ብለው ያስጎነበሷቸው ሰዎች ይመሰክራሉ። ስሙን ደግሞ ራስዎ አውጥተውለታል።»

ደምሴ «አሻጥር» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚሠራ ከማናችንም በላይ ያውቅ ነበር። ለብዙ ሰው አውጥቶታል። ከንፈሩ ሲደርቅ አየሁት፤ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

«ምንድነው የምትፈልጊው?»

«መጀመሪያ ጋሽ ከድር። ዛሬ ከሰዓት ሠራተኛውን ሰብስብና፣ ጥፋቱ የፀሐይ ነው፣ የማንም እጅ የለበትም በል።» እርስዎ ማለቷ እዚህ ላይ ቀረ።

«እሺ። ሌላስ?»

«መስፍን።»

ደምሴ ወደ እኔ አየ። «እሱ ይውጣ።»

«አይወጣም።»

«ትርሲት፣ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ…»

«የት ነው?»

ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩንባ ይሰማል። በመጨረሻ ጠረጴዛውን እያየ፣ «አትጠብቁት» አለ። «በወሰዱት ሳምንት ነው። በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ። ከሌሎች ጋር ነው።» ቦታውንም ነገራት። እኔ ያን ቦታ አልጽፈውም፤ የሌሎችም ልጆች እዚያ አሉ።

ትርሲት አላለቀሰችም። ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ዕቃ ለክታ የጠበቀችውን ቁጥር ስታገኝ እንደምታደርገው።

«እንግዲህ ይኼንን ለእናቴ ንገራት።»

«አንቺ ንገሪያት እንጂ፣ እኔ እንዴት…»

«መርዶውን የምትነግራት አንተ ነህ። እንደ ወጉ፣ በማለዳ፣ የሰፈር ሽማግሌ አስከትለህ። አንተ ከነገርካት ለቅሶው የተፈቀደ ይሆናል፤ ድንኳን የሚያስፈርሰን የለም። በሩን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ደምሴ ግንባሩን ጠረገ። «ይኼን ካደረግኩ ማሽኗ ትነሣለች?»

«ተጽፋ አልቃለች። መሰካት ብቻ ነው የቀራት።»

ከሰዓት ሠራተኛውን ሰብስቦ እንደተባለው አደረገ። ጋሽ ከድር ከስብሰባው ሲወጡ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ማክሰኞ ደምሴ አንድ ሰበብ ፈጥሮ ከመርዶው አመለጠ። ረቡዕ ግን ማምለጫ አልነበረውም።

ጎሕ ሲቀድ ሠራተኛ ሰፈር ደረስን። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከግቢው በር ላይ ተሰብስበዋል። ደምሴ ከፊት ነው፣ ካኪውን እንደለበሰ። አንኳኳ። እትዬ ብርቄ ባለአበባ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ደጃቸው ቆሞ ሲያዩ የመጣውን ነገር ወዲያው አወቁት፤ እንዲህ ያለ ማለዳ የማያውቅ ሰው የለም። የበሩን መቃን ያዙ።

«እትዬ ብርቄ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ ደምሴ። የእግዚአብሔርን ስም ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «መስፍን… መስፍን አርፏል።»

እትዬ ብርቄ አልጮኹም። «መቼ?» አሉ። ነገራቸው። «የት?» አሉ። ነገራቸው።

ከዚያ ጠጋ ብለው ፊቱን አዩት። «አንተ በምን አወቅህ?»

ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። መንገዱ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር የሚጠይቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ደምሴ ወደ ትርሲት ዞረ፤ ትርሲት ዓይኗን አልነቀለችም።

«ሰው… አንድ ሰውዬ ነው የነገረኝ። አያውቁትም።»

«እንግዲያው ሰውዬውን አምጣልኝ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ልጄ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ እጠይቀዋለሁ።»

የጮኹት ይህን ካሉ በኋላ ነው። ስንት ዘመን የታጨቀ ጩኸት እንደነበር እዚያ የነበረ ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ አልችልም።

ድንኳኑ ሲተከል ደምሴ በአጥሩ ጥግ ትርሲትን ጠጋ አላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት ታጥቃ ነበር።

«ነገ ጠዋት ትመጫለሽ አይደል? እንግዳው በአራት ሰዓት ይደርሳሉ።»

«ወንድሜ ዛሬ ሞቷል» አለችው። «የነገርከን አንተ ነህ። ሐዘን ላይ ነኝ።»

ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ስለ ወግ ማሰብ ከተወ ብዙ ጊዜው ስለነበረ መርዶ የሚባለው ነገር በሩ ላይ ተነግሮ የሚያልቅ መስሎት ነበር። ሐዘንተኛን ከለቅሶ አስነሥቶ ወደ ሥራ የሚጠራ ሰው በዚህ ሀገር አልተፈጠረም፤ ካድሬም ቢሆን። መርዶውን የነገረ ሰውማ ጭራሽ።

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ቆመ። «አይሲዋ የት ነች?»

«ትርሲት ናት የምታውቀው» አልኩት። «ሐዘን ላይ ናት።» አይሲዋ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከጽሕፈት መኪና ጥብጣብ ሥር ተኝታ ነበር። በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ አፌ ላይ የጣፈጠኝ ያ ነው።

እንግዳው ከነአጃቢዎቻቸው መጡ። ደምሴ ማብሪያውን ተጫነ። ምንም። እንደገና ተጫነ። እንግዳው ጎንበስ ብለው ሰሌዳዋን አዩና፣ «ይኼ ክፍት ቦታ ምን ነበረበት?» አሉ። ደምሴ ጋሽ ከድር ናቸው እንዳይል፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት የማንም እጅ የለበትም ብሏል። ትርሲት ናት እንዳይል፣ ትርሲት የት ናት፣ ማን ሞቶባት ነው፣ ለቅሶውንስ ማን ፈቀደ፣ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ላቡ ከግንባሩ ወደ ካኪው አንገት ሲወርድ ከእኔ ጋር ያለው ሠራተኛ ሁሉ ቆሞ አየ። እንግዳው ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። ደምሴም ብዙም ሳይቆይ ከከተማ ዳር ወዳለ የጎማ መጋዘን ተዛወረ።

ትርሲት ከአርባው በኋላ ጥቁር ለብሳ መጣች። አይሲዋን ተቀበለችኝ፣ ሰካቻት፣ ማብሪያውን ተጫነች። ቀይ ሰረዙ ተደረደረ። ጥቁር ወረቀት ቆርጣ በብርጭቆዋ ላይ ለጠፈችና፣ «በል ወደ ሥራህ» አለችኝ።

ደምሴ ግን በዚያ አላበቃለትም። ቤቱ አሁንም ከእትዬ ብርቄ ጋር አንድ መንገድ ላይ ነው። እትዬ ብርቄ በየጠዋቱ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡና፣ ደምሴ ሲያልፍ፣ «ደምሴ፣ ያ ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉታል። ድምፃቸው የቁጣ አይደለም፤ የሰፈር እናት ሰላምታ ነው። «እየፈለግኩት ነው፣ እትዬ» ይላል። መንገድ ቢቀይር የቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ያገኙታል። ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ «ሰውዬውን አገኘኸው?» ይሉታል። ደምሴ አንዳንዴ ስኳሩን ሳይወስድ ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ቤቱን ለቆ ማንም ወደማያውቀው ሰፈር ሄደ፤ እትዬ ብርቄ ግን ጎማ መጋዘኑ ድረስ ታክሲ ይዘው ሄደው ጠይቀውታል አሉ።

እኔ ለእትዬ ብርቄ አዝን ነበር። አሮጊት እናት፣ የሌለ ሰው ይመጣልኛል ብለው በፀሐይ ተቀምጠው ሲጠብቁ አንጀቴን ይበሉኝ ነበር። ትርሲትን ስለዚህ ነገር የተቆጣኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እዚያው ፒያሳ ባንኮኒው ላይ።

«ለእናትሽ ብትነግሪያቸው ምን አለበት?» አልኳት። «ሰውዬው ራሱ ደምሴ እንደሆነ ሳያውቁ እሱኑ እየለመኑት ይኖራሉ?»

ትርሲት ማኪያቶዋን አማሰለች።

«የመርዶው ዕለት ማታውኑ ነግሬያታለሁ» አለችኝ።